ፍሬ ማለት ሀብት አይደለም ወንድሜ

ወንድሜ «ፍሬ ያለው ክርስቲያን ኑሮው ይሰፋለታል፣ የተቸገረው ፍሬ ስለሌለው ነው» ያልከው ልክ አይደለም፣ እኛ ደብረ ማርቆስ ከተማ አካባቢም እንዲህ የሚያስብ ብዙ ነው። ገላትያ 5፥22-23ን ክፈትና እየው፣ የመንፈስ ፍሬ የሚለው ፍቅር ደስታ ሰላም ትዕግሥት ቸርነት በጎነት እምነት የውሃት (ገርነት) ራስን መግዛት፣ አለቀ፣ ብር የለም መኪና የለም። ደሞ ዮሐንስ 15፥2 ላይ አብዝቶ እንዲያፈራ የሚገረዘው እኮ የሚያፈራው ቅርንጫፍ ራሱ ነው፣ ታዲያ መከራ የመጣበትን ሁሉ ፍሬ የለህም ማለት የቆሰለን ሰው መልሶ ማቁሰል ነው (ይሄ በጣም ያመኛል)። እናቴ ጎዛምን ወረዳ ውስጥ በረዶ ጤፏን ሙልጭ አርጎ በመታባት ዓመት ከጎተራ የተረፈችውን እህል ለጎረቤት ስታካፍል በዓይኔ አይቻለሁ፣ ፍሬ ማለት ይሄ ነው።