ወያላው ይቆጠራል?

ሒሳብ ውስጥ ∂ የምትባል ምልክት አለች። ካልኩለስ የተማረ ሰው ያውቃታል፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ ላይ (ከብዙ ቫሪያብል አንዱ ብቻ ሲለወጥ የሚመጣውን የለውጥ ፍጥነት መለኪያ ላይ) ስታገለግል የኖረች ናት። ታዲያ አንድ ቀን ቶፖሎጂ (ቅርጽ ሲለጠጥም ሲጣመምም የማይለወጠውን ነገር የሚያጠና የሒሳብ ዘርፍ) ክፍል ትገቡና ሰሌዳው ላይ ∂ሀ ተብሎ ይጠብቃችኋል። ተማሪው እርስ በርሱ ይተያያል። አንዱ ደፋር «በየትኛው ቫሪያብል ነው ዴሪቬት የምናደርገው?» ይላል። ኧረ ምንም ዴሪቬት የሚደረግ የለም! «የሀ ስብስብ ድንበር» ማለት ነው፣ በቃ። ሌላ ምልክት የጠፋ ይመስል። ጠፍቶም አይደለም፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛው «ባውንደሪ»፣ ሌላው ከፈረንሳይኛው «ፍሮንቲዬር» ሁለት ፊደል ቆርጦ ይጽፋል። ሁሉም ያው ነው።

ትርጉሙን ግን ታክሲ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሚኒባሱን ሀ በሉት። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ግማሽ አካሉ ውስጥ ግማሹ አስፋልት ላይ ሆኖ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚለው ወያላ የድንበር ነጥብ ነው። ዙሪያውን የፈለጋችሁትን ያህል ጠባብ ክብ ስሉበት፤ ክቡ ውስጥ ሁልጊዜ ከታክሲውም ከመንገዱም ትንሽ ትንሽ ይገባል። የመጨረሻው ወንበር መሀል የተጣበቁት እናት ግን ዙሪያቸው ሁሉ ታክሲ ነው። እሳቸው የውስጥ ነጥብ ናቸው፤ እንኳን ድንበር ሊነኩ፣ «ወራጅ አለ» ብለውም የሚሰማቸው የለም።

አሁን ጭቅጭቁ ይመጣል። ወያላው ይቆጠራል? ትራፊክ ፖሊስ ትርፍ ሰው ሲቆጥር ሾፌሩ «እሱ እኮ ተሳፋሪ አይደለም» ይላል። ሒሳብ እዚህ ላይ ሰው አያጣላም፦ ድንበሩን በሙሉ ቆጥሮ የያዘ ስብስብ ዝግ ነው፣ አንዱንም ያልያዘ ክፍት ነው፣ እንደ ታክሲው ባለ ስብስብ ላይ ድንበሩ ራሱ ግን በቆጠራው አይነካም። በ0 እና በ1 መካከል ያሉትን ቁጥሮች ውሰዱ። ጫፎቹን ጨምራችሁ [0፣ 1] ብትሉ፣ ሳትጨምሩ (0፣ 1) ብትሉ፣ ∂ው ያው ሁለት ነጥብ ነው፦ 0 እና 1። አንዱን ጫፍ ብቻ ይዞ [0፣ 1) የሆነው ደግሞ ክፍትም አይደለም፣ ዝግም አይደለም። ይቺን ፈተና ላይ «ክፍት ካልሆነማ ዝግ ነው» ብሎ የሚሳሳት ብዙ ነው። የታክሲ በር አይቶ አያውቅም እንዴ?

ደግሞ ድንበር ለሁለቱም ወገን እኩል ነው። የሀ ∂ እና ከሀ ውጭ ያለው ሁሉ ∂ አንድ ናቸው። ወያላው የታክሲውን ያህል የመንገዱም ነው፤ ስድቡም ለሁለቱም ወገን እኩል ይደርሳል።

እኔን የሚያስቀኝ ግን የራሽናል ቁጥሮች ነገር ነው። በክፍልፋይ የሚጻፉትን ሁሉ ሰብስቡና ድንበራቸውን ጠይቁ። መልሱ መላው የቁጥር መስመር ነው! የትኛውም ቁጥር አጠገብ፣ የፈለገውን ያህል ብትጠጉ፣ ራሽናልም፣ በክፍልፋይ የማይጻፈው ኢራሽናልም አለ። ውስጡ ማንም የለም፣ ሁሉም በር ላይ ነው፣ ያልተሳፈሩት ሳይቀሩ በር ላይ ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት መገናኛ የቆመ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም።

ከዚህም የባሰ አለ። በ1917 ኩኒዞ ዮኔያማ የሚባል ጃፓናዊ፣ ሐሳቡ የታኬዎ ዋዳ ነው ብሎ፣ ፈጽሞ የማይደራረቡ ሦስት ክልሎች አንድ ድንበር ሲጋሩ አሳየ። ሦስቱም አንዱን ድንበር፣ ነጥብ በነጥብ! ሦስት ታክሲ በአንድ ወያላ መሆኑ ነው። የሂሳቡን አከፋፈል አልጠየቅኩም።

እና ይቺ ∂ ጎረቤት ክፍል ስትሄድ ደግሞ ጠባይዋን ትለውጣለች። ጂኦሜትሪ የሚያስተምሩት «የድንበር ድንበር ባዶ ነው» ይላሉ። ለእነሱ የአንድ ጠፍጣፋ ክብ ገበታ ድንበር ጠርዙ ነው፣ ጠርዙ ደግሞ መጀመሪያም መጨረሻም ስለሌለው ድንበር የለውም። ስብስብ የሚያስተምሩት ዘንድ ግን የ[0፣ 1] ድንበር 0 እና 1 ነው፣ የእነሱ ድንበር ደግሞ እንደገና 0 እና 1። ይኸው ክብ ገበታ ባለ ሦስት አቅጣጫ ቦታ ውስጥ ከተቀመጠማ፣ መሀሉ ሳይቀር ሁለመናው ድንበር ይሆናል። ስለዚህ ∂ ስታዩ መጀመሪያ የየትኛው ክፍል እንደሆነች ጠይቁ፤ ሰሌዳው ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ መምህሩም የሚነግራችሁ ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው።