ቀለሙ እንዳይነካ

ዛሬም የመኪናው ቀለም አሸነፈ። የሬዲዮውን አንቴና ለማስተካከል ስሠራ የዋልሁት ሥራ በሙሉ ፈርሶ፣ ብሎኖቹ ተፈትተው፣ የመዳብ ማያያዣዎቹ ተነቅለው፣ አንቴናው ወደዚያች የመግነጢስ መቀመጫው ተመልሶ ጣሪያው ላይ ጉብ ብሏል። ከእንግዲህ በዚያ ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጦ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ጣቢያ ጋር እነጋገራለሁ የሚል ሰው ቢኖር፣ የሚያዳምጠው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን የማይክሮፎኑ ብረት ከንፈሩን ካልለበለበው። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው ነገ ከሆነ እንደ ልማዴ «ይሁን እስቲ» ብዬ እንደማልፈው ስለማውቅ ነው።

የመግነጢሷ ጣጣ የመጣው ከአጭር ርቀት ሬዲዮ ነው። በ150 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ሬዲዮ የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ስለሆነ የሩብ ሞገድ አንቴና ግማሽ ሜትር ብቻ ይበቃዋል፤ ጣሪያው ሰፊ ሜዳ ይሆንለታል፤ መግነጢሷም ከቀለሙ ሥር ያለውን ላሜራ በቀጥታ ሳትነካ ሥራዋን ትሠራለች። ይህን ያየ ሰው ሁሉ አንቴና ማለት ጣሪያ ላይ ለጥፈውት የሚሄዱት ዕቃ ይመስለዋል። የእኛው ሬዲዮ ግን የሚሠራው በ7 ሜጋኸርዝ ነው። የሞገዱ ርዝመት 43 ሜትር ገደማ ሲሆን ሩቡ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል። የ11 ሜትር ዘንግ ተክሎ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ስለሌለ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ዘንግ ላይ ጥቅልል ጨምረን የረዘመ እናስመስለዋለን፤ የጎደለውን ግማሽ ደግሞ ጣሪያው፣ ሻንሲው፣ ካሶኒው፣ ኮፈኑ፣ በሮቹና ማርሚታው ሁሉ እርስ በርስ ተያይዘው እንዲሞሉልን እንጠብቃለን። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም፤ ዘንጉ አንዱ እጅ ሲሆን ሌላው መኪናው ራሱ ነው። መግነጢሷ ይህን ሁለተኛ እጅ በቀለም ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች። መመለሻ መንገድ ያጣው ኃይል በኬብሉ የውጭ ሽፋን ላይ ተንሸራትቶ ወደ ጋቢና ይገባል፤ የዳሽቦርዱን መብራቶች ያርገበግባል፤ የተናጋሪውንም ከንፈር ይጠብሳል።

ስለዚህ የሚገባውን አደረግሁ። ከኋላ በኩል ሻንሲው ላይ በብሎን የሚታሰር ወፍራም የብረት መቀመጫ አሠርቼ፣ መቀመጫው የሚያርፍበትን ቦታ ቀለም የሳንቲም ስፋት በምታህል ቦታ ብቻ ፍቄ ባዶ ብረት ላይ አሰርሁት። ካሶኒው በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ከሻንሲው ጋር እንደማይገናኝ በቴስተር ካረጋገጥሁ በኋላ በሰፋፊ የመዳብ ጥልፎች አገናኘሁት። ኮፈኑንና በሮቹን በማጠፊያቸው በኩል፣ በጎማ ተንጠልጥሎ የሚሄደውን ማርሚታም እንዲሁ አሰርሁ፤ የተፋቀውንም ቦታ ሁሉ ዝገት እንዳይበላው ቅባት ቀባሁት። ከዚያም የሩቁን ጣቢያ ጠራሁ። ሬዲዮው ከአንቴናው ከሚመለስበት ኃይል ራሱን ለመጠበቅ ኃይሉን ቀንሶ እያስተላለፈ እንኳ፣ ወትሮ «ድገምልኝ፣ አልሰማህም» የሚለው ኦፕሬተር «ዛሬ ሌላ ሬዲዮ ይዘሃል እንዴ?» አለኝ።

ይህችን አረፍተ ነገር በቅጡ ሳላጣጥማት የጋራዡ ኃላፊ መጡ። ብቻቸውንም አልመጡም፤ ሾፌሩ፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛና ለምን እንደመጣ እስከ አሁን ያልገባኝ አንድ የግዥ ባለሙያ ተከትለዋቸዋል።

«ሜትሩን አምጣው» አሉኝ። አመጣሁት።

«ስንት ይላል?»

«ሦስት ነጥብ ሰባት።»

«በፊት ስንት ነበር?»

«አንድ ነጥብ ሁለት።»

«ከሁለቱ የሚሻለው የትኛው ነው?»

«ጋሼ፣ ይህ ሜትር የሚናገረው ስንቱ ኃይል ወደ ሬዲዮው እንደሚመለስ እንጂ ስንቱ ወደ አየር እንደሚወጣ አይደለም፤ አንድ ሲል የሚመለስ የለም ማለት ብቻ ነው። ማዛመጃዋን ጥቅልል ደግሞ ገና አላስገባኋትም፤ ይኸው ኪሴ ውስጥ አለች» አልኋቸው።

«ልጄ፣ የሚሻለውን ጠየቅሁህ እንጂ ኪስህን አልጠየቅሁህም።»

ሳቁ። የግዥ ባለሙያው ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ። እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ፣ ኃይሉን ሁሉ ወደ ሙቀት የሚቀይር የ50 ኦም የሙከራ ጭነት በአንቴናው ምትክ ብናስር መርፌዋ አንድ ላይ ቁጭ እንደምትል፣ ድምፃችን ግን ከጋራዡ አጥር እንደማያልፍ ላስረዳቸው ሞከርሁ።

«አንድ ይላል ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ ግን...»

«እንግዲያውስ እሱን እሰርበት!»

እዚህ ላይ ሾፌሩ በሳቅ እየተንፈራፈረ ጎማው ላይ ተደገፈ። ኃላፊው ግን ሳቃቸውን በድንገት አቁመው ጎንበስ አሉና የተፋቀችውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሷት። «ይህን ቀለም የመፋቅ ፈቃድ ማን ሰጠህ?» ሲሉ ድምፃቸው የአንድ ሰው አጥንት እንደሰበርሁ ዓይነት ነበር። ቀጥሎ የመጣው ቃል «መልሰው» የሚል ብቻ ነው። መለስሁት።

ለእርሳቸው መናገር ያልቻልሁትን እዚህ ልጨርሰው። ሁለት ሜትር ተኩል ዘንግ በ7 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው የጨረራ ተቃውሞ አንድ ኦም ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ኃይል ወደ አየር የሚወጣው ደግሞ በዚህችው ብቻ ነው። የተረፈው ተቃውሞ ሁሉ፣ የጥቅልሉም ሆነ በትክክል ያልተያያዘው ማሳ (የመኪናው ብረት አካል) ወይም ከመኪናው ሥር ያለው መሬት የሚያመጣው፣ ኃይልን ወደ ሙቀት የሚቀይር ብክነት ነው። ሬዲዮው በበኩሉ የሚፈልገው 50 ኦም ማየት ነው። እንግዲህ ብክነቱ ተጠራቅሞ 48 ኦም ገደማ ሲደርስ ድምሩ 50 ይሞላል፤ መርፌዋ ወደ አንድ ትወርዳለች፤ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ከ100 ዋት ውስጥ አየር ላይ የሚወጣው ግን 3 ዋት አይሞላም። ብክነቱን ወደ 12 ኦም ስናወርደው ድምሩ 13 ኦም ገደማ ስለሚሆን መርፌዋ ወደ 4 ትጠጋለች፤ ከአንቴናው ሥር ወደ ማሳ የምትታሰር ያች ትንሽ ጥቅልል ስትገባ መርፌዋ ትመለሳለች፤ ያን ጊዜም ወደ አየር የሚወጣው 10 ዋት ይሆናል። መርፌዋ የወጣችው ሥራው ስለሠመረ ነበር! እኔ የተሰደብሁት አንቴናውን ስላበላሸሁ ሳይሆን ስላስተካከልሁት ነው፤ ይህን የሚያህል ነገር በልቤ ይዤ ነው ብሎን ስፈታ ያመሸሁት።

ቀለም ቀለም ሲሉኝ ደግሞ የማን ቀለም ነው? የፊት መከላከያው ብረት ሲገጠም፣ ጭጋግ መብራት ሲጨመር፣ የጣሪያው ዕቃ መጫኛ ሲታሰር ትራፓኖው ስንት ቦታ እንደበሳው ቆጥሮ የጠየቀ የለም። በግራ በኩል ከበሩ እስከ ካሶኒው የሚዘልቀውን የእሾህ ጭረት ያየ ሰው ሁሉ መስክ የሚወጣ መኪና ነው ብሎ ያልፋል። ጣሪያውንማ ዙሪያውን የፈገፈገችው ራሷ መግነጢሷ ናት፤ በሥሯ አቧራና አሸዋ ይገባል፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትፈጫለች። ዘንጉ ቅርንጫፍ ሲመታው ደግሞ መግነጢሷ ከነዘንጓ ተነሥታ በኬብሏ ተንጠልጥላ በሩን ስትቀጠቅጥ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ ሥር ተደብቃ፣ ቅባት ተቀብታ፣ ማንም የማያያት የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ግን ጉዳት ናት።

ስለ ኃይል መስመሩም ልናገር፤ የቆየ ቁስል ነው። አንድ መቶ ዋት የሚያስተላልፍ ሬዲዮ በሚናገሩበት ጊዜ 20 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የሲጋራ ማቀጣጠያው መስመር ፊውዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ነው። ስለዚህ ሬዲዮው በሁለት ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ኃይል መውሰድ አለበት፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ሻንሲውን ቢነካ እሳት የሚከለክለው እርሱ ነውና። እኔ ይህን ስል «መሰኪያ እያለ ሽቦ መጎተት ምን ያስፈልጋል?» ተባለና ማቀጣጠያው ላይ ተሰካ። ፊውዙ ሲቃጠል አንድ ቀና ሰው በሽቦ ጠቅልሎ መለሰው። ለስልክ ቻርጅ የታሰበው ሽቦ ሲለሰልስ፣ ሲሸትና ሲጨስ ጥፋቱ የሬዲዮው ሆነ። ያው ርካሽ የስልክ ቻርጅ ደግሞ በተሰካ ቁጥር መቀበያውን በጩኸት ይሞላዋል፤ ንቀለው ስለው ሾፌሩ እንደ ጠላቱ ያየኛል። «ሬዲዮውን ምን አለፋህ፣ ሞባይል አለ አይደለም እንዴ?» ይለኛል፤ ሬዲዮው የሚያስፈልገው ኔትወርክ በሌለበት ቦታ መሆኑን የሚረሳው ኔትወርክ ባለበት ስንሆን ብቻ ነው።

ሌላው ደግሞ «ጠዋት ሠርቶ ማታ ለምን እምቢ ይላል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሞገዱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ሽቅብ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው ከፍተኛ የአየር ንብርብር ነጥሮ ሲመለስ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ስለሚሳሳ 7 ሜጋኸርዝ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ሳይመለስ ይቀራል፤ ሰያፍ የሚሄደው ብቻ ተመልሶ ከእኛ ጣቢያ አልፎ ሩቅ ያርፋል። ማታ ወደ 3 ወይም 4 ሜጋኸርዝ መውረድ የግድ ነው፤ እዚያ ደግሞ የዚያ አጭር ዘንግ የጨረራ ተቃውሞ ወደ ሲሶ ኦም ይወርዳል፤ ማሳው ካልተያያዘ የሚወጣ ኃይል አለ ማለት ያሳፍራል። ይህን አስረድቼ ስጨርስ የተሰጠኝ መልስ «ስለዚህ ሬዲዮው ማታ አይሠራም ማለት ነው» የሚል ነበር። በነገራችን ላይ ሾፌሩ አንድ ጊዜ በዝቅተኛ በር ለማለፍ ዘንጉን ወደ ኋላ አጉብጦ በገመድ አስሮት ነበር፤ ተኝቶ የታሰረ ዘንግ ሽቅብ የበለጠ ስለሚያሰራጭ ለቅርቡ ጣቢያ ጥሩ ነገር ነው። በዚያ መኪና ላይ ለአንቴናው ከተደረጉለት መልካም ነገሮች ሁሉ ያለ ክርክር ያለፈው እርሱ ብቻ ነው።

ጉልየልሞ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1895 በአባቱ ርስት ላይ ሲሞክር፣ አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን ከመሬት ጋር ሲያገናኘው ምልክቱ ከኮረብታው ባሻገር ተሰማ። የሬዲዮ ርቀት ታሪክ ከሞላ ጎደል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ እኔ ሁለተኛውን ጫፍ ከምንም ጋር እንዳላገናኝ በቃል ታዝዣለሁ፤ ነገ በጽሑፍም ይደርሰኛል ተብያለሁ።

የጽሑፉ ግማሽ ግን ዛሬውኑ ደረሰኝ። ምልክቱ ደካማ መሆኑ ስለተረጋገጠ 400 ዋት የሚሰጥ ማጉያ እንዲገዛ ተወስኗል፤ የግዥ ባለሙያው የመጣበት ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከ100 ወደ 400 ዋት መውጣት በኃይል ጭማሪ መለኪያው 6 ዴሲቤል ነው፤ ቀለም ፍቄ በመዳብ ጥልፍ ያገኘሁትና ያስፈቱኝም ከዚያ እምብዛም አያንስም። ማጉያው ከ50 አምፔር በላይ ይስባል፤ በዚያች መግነጢስ በኩል ከሚወጣው 400 ዋት ውስጥ ወደ 390 የሚጠጋው ጥቅልሉንና ጣሪያውን ያሞቃል፤ ማይክሮፎኑ ላይ የሚመጣውም ቮልቴጅ እጥፍ ይሆናል። የማጉያውን ዝርዝር መግለጫ አዘጋጅቼ እንዳቀርብ የተመደብሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ደብዳቤውን ይዤ ስወጣ ሾፌሩ በር ላይ ጠብቆኝ፣ አዲሱ ማጉያ እዚያው ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ይሰካ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«እሳቸውን ጠይቃቸው» አልሁት።