ስለ «ባክ ኢን ብላክ» የጊታር ድምፅ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የሮክ ባንዱ የኤሲ/ዲሲ አልበም «ባክ ኢን ብላክ» (እ.ኤ.አ. 1980) እስካሁን የሚወደደው በጊታሩ ጩኸት ነው ይላል። በዚህ አልስማማም። የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን መግቢያ ልብ ብላችሁ ስሙት፦ ኢ፣ ዲ፣ ኤ የሚባሉት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ናቸው። በኮርዶቹ መካከል ክሮቹ ጭጭ ይላሉ፤ ጊዜውን የሚጠብቀው የከበሮ መቺው የፊል ራድ ሃይ-ሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ጸናጽል) ነው። ቀጣዩን ምት ከባድ የሚያደርገው ያ ባዶ ቦታ ነው።

ጀማሪዎች ይህን ሲሞክሩ የአምፕሊፋየሩን ጌይን (ድምፁን የሚያሻክረውን መቆጣጠሪያ) እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል። ያኔ ክሩ ከታፈነ በኋላም አምፕሊፋየሩ መጉረምረሙን ስለማያቆም ዝምታው ይጠፋል፣ የኮርዱ ኖታዎችም ይደበላለቃሉ። ጌይኑን ከግማሽ በታች አውርዱት፣ ቮልዩሙን ጨምሩ፣ በፒክ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ኮርዱ ሲያበቃ የቀኝ መዳፋችሁን ክሮቹ ላይ አሳርፉ፤ የግራ ጣቶቻችሁንም ሳታነሱ አላሉ። ኮርዶቹን ከጊታሩ አንገት መጀመሪያ፣ ክፍት ክሮችን እየተጠቀማችሁ ያዙ፤ ወደ ላይ ከወጣችሁ ያ ጥርት ያለ ድምፅ አይገኝም።

የባንዱ ሪትም ጊታሪስት ማልኮም ያንግ ወፍራም ክር ነበር የሚጠቀመው፤ ከግሬች ጊታሩ ላይም በድልድዩ (ክሮቹ በአካሉ ላይ በሚያርፉበት) በኩል ያለውን ፒክአፕ፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት የሚቀበለውን መሣሪያ፣ ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን አውጥቷቸዋል። በአልበሙ ላይ የእሱና የወንድሙ የአንገስ ጊታሮች በግራና በቀኝ ስለተለያዩ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማ ሰው የሁለቱን መናበብ ያጣዋል።

የአልበሙ ጥቁር ሽፋንና «ሄልስ ቤልስ» በተባለው ዘፈን ላይ የሚሰማው ደወል ደግሞ በዚያው ዓመት የካቲት ለሞተው የባንዱ ድምፃዊ ለቦን ስኮት የሐዘን መግለጫ ናቸው። ጽሑፉ ይህን መዝለል አልነበረበትም።