«ይሄን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?»

ትናንት ማታ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም እኛ ጋ አመሸ። የመርማሪውን ተከታታይ ፊልም፣ ሸርሎክን ከፈትን። የሸርሎክ ታላቅ ወንድም ማይክሮፍት ብቅ ከማለቱ፣ «ቆይ፣ ቆይ! ይሄን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» ብሎ ሪሞቱን ነጠቀኝና ፊልሙን አቆመው። ማይክሮፍት አፉን እንደከፈተ ተገተረ። እኛም አብረን ተገተርን።

ይሄ አመሉ ነው። ያወቀውን ተዋናይ ስም ሳያገኝ ፊልም አያስጨርስም።

«ጋሼ፣ ዶክተር ሁ ላይ የለም እንዴ?»

አለ። የሚያናድደውም መኖሩ ነው። ማርክ ጌቲስ ይባላል። ሸርሎክን እ.ኤ.አ. በ2010 ከስቲቨን ሞፋት ጋር የፈጠረው ራሱ ነው። ራሱ ደግሶ ራሱ ይጎርሳል። ዶክተሩ በሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ዘመን ለዘመን የሚዞርበት የቢቢሲ ተከታታይ፣ ዶክተር ሁ ላይ ደግሞ ከ2005 እስከ 2017 ዘጠኝ ክፍል ጽፏል። በ2007 ደግሞ ሌላ ሰው በጻፈው ክፍል ውስጥ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሆኖ ተወነ። ፕሮፌሰሩ ወጣት የሚያደርግ ማሽን ሠርቶ ይገባበታል። ወጣት ሆኖ ይወጣል፣ ቀጥሎ ጭራቅ ይሆናል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። የምወደው ግን በደሉን ችዬ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለወላጆች ቀን ቴአትር ጻፍኩ። ዋናውን ሚናም ልሠራ አሰብኩ። አንድ መምህራችን «ወይ ጻፍ፣ ወይ ተውን» አሉና ይቺኑ ተረት ጣል አደረጉብኝ። ዋናው ሚና ለክፍል አለቃው ሄደ። እኔ ዘበኛ ሆንኩ። የዘበኛው ንግግር «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ብቻ ነበር። ሰዓት አይበቃም ተብሎ እሱም ተቆረጠ። እንግዳው ሳይነገርለት ገባ!

ደግሞስ ተረቱ ወርዶ ሌላውን ዛፍ መውጣት ክልክል ነው አይልም። ተራ በተራ ማን ከለከለ?

ጌቲስን ማንም የከለከለው አይመስልም። ያደገው በሰሜን እንግሊዝ፣ ሰድግፊልድ፣ አባቱ በሚሠሩበት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ፊት ለፊት ነው። ዶክተር ሁ በ1989 ተቋረጠ። እሱ በ1992 ስለ ዶክተሩ ልብወለድ አሳተመ። ሳልስቱ ወጥቶ፣ አርባው አልፎ፣ እሱ ድንኳኑን አልነቀለም። እንዲህ ያለውን ለቀስተኛ ነው መቅጠር።

ቢቢሲ ግን የዚህን ተከታታይ የድሮ ካሴቶች ደምስሷቸዋል። ከ90 በላይ ክፍሎች የሉም። በጊዜው ካሴት ውድ ነበር፤ ላዩ ላይ ሌላ ይቀረጽበታል። ቁጠባ ነው፣ እሺ። የኔን ድርሰት ብቸኛ ቅጂ ይዘው የቀሩት መምህር ምን ሊቆጥቡ ነበር? በእጅ የተጻፈ፣ አሥራ ሁለት ገጽ! ወረቀቱን ራሴ ነኝ የገዛሁት። ለሱቅ ስኳር መጠቅለያ ሆኖ ይሆናል። ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ጌቲስ ደግሞ በ2013 ተከታታዩ 50 ዓመት ሲሞላው ስለ አጀማመሩ ሙሉ ድራማ ጻፈ። በ2024 በመድረክ ትወና የእንግሊዞቹን ትልቅ የቴአትር ሽልማት፣ ኦሊቪዬን ወሰደ። ስንተኛው ዛፍ እንደሆነ እንጃ።

ምን ነበር የተጠየቅኩት? አዎ፣ የት ነው የማውቀው ነበር።

ዞር ስል እንግዳችን ሶፋው ላይ ተኝቷል። ሪሞቱ ጭብጡ ውስጥ ነው። ማይክሮፍት አሁንም አፉን እንደከፈተ ነው።