30 ቀን ለማን ይበቃል?

ሰሞኑን አንድ የባንክ ኃላፊ በሬዲዮ ስለ ሐራጅ ተጠይቀው የሰጡት መልስ እስካሁን ያበሽቀኛል። ብድሩ የተበላሸበት ሰው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል፤ ቤቱ በሐራጅ እንዲሸጥ ካልፈለገ ራሱ ሸጦ ዕዳውን ይክፈል አሉ። ጋዜጠኛውም አመስግኖ አለፈ።

እኚህ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሸጠው ያውቃሉ? ካርታው እኮ ያለው እሳቸው ካዝና ውስጥ ነው! ገዢ ሲመጣ የምታሳየው ኮፒ ነው። ዕዳና እገዳ ሲያጣራ ደግሞ የባንኩን ስም ያገኛል። «ብሩን ከፍዬ ባንኩ እገዳውን ባያነሳስ?» ይላል፤ እውነቱን ነው። ይህን ስጋት የሚያነሳው ከባንኩ የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ነው፤ ዕዳው ይህን ያህል ነው፣ ሲከፈል መያዣውን እለቃለሁ የሚል። ያንን ደብዳቤ ፍለጋ ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ወደ ሕግ ክፍል ስትመላለስ ወሩ ያልቃል። ክፍለ ከተማው «ሲስተም የለም» የሚልበትን ቀን ገና አልቆጠርኩም። ቤቱን ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው የኮንዶሚኒየም ባለቤትማ መሸጥም አይፈቀድለት።

ሐራጁስ? ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ አንብቡት። ተጫራች ብዙ ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ያስይዛል። ያሸነፈው ቀሪውን አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ ይከፍላል። ይህን ያህል ብር በ15 ቀን ዱብ የሚያደርግ ስንት ሰው አለ? ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች የብድር ዕድገት ላይ ገደብ ጥሏል፤ ተራው ሰው ከየት ተበድሮ ይጫረት? የሚመጡት ገንዘብ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ባለቤቱ መጨነቁንም ያውቃሉ። ቤቱ በርካሽ ይሄዳል። ዕዳው ካልሞላ ባንኩ ቀሪውን ብሎ እንደገና ተበዳሪው ላይ ይመጣል። ባለቤቱ ተረጋግቶ በገበያ ዋጋ ቢሸጠው ግን ባንኩ ገንዘቡን ያገኛል፣ ለቤተሰቡም የሆነ ነገር ይተርፋል። የሚከፋው ርካሽ ቤት አዳኙ ብቻ ነው።

«ገንዘቡ የአስቀማጭ ነው» ይሉናል። እሺ፣ ነው። ታዲያ አስቀማጩ ከርካሽ ሐራጅ ምን ይጠቀማል?

ደግሞ ባንክ ያለ ፍርድ ቤት መያዣ የመሸጥ ሥልጣኑ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አበዳሪ በውል ብቻ ተማምኖ የሕግን ሥርዓት ዘሎ መያዣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው ለባንኮች በሩን የከፈተው። እሱም ያለው «ቢያንስ 30 ቀን» ነው። መነሻውን ጣሪያ ያደረጉት ባንኮቹ ናቸው። 6 ወር ቢሰጡ የሚከሳቸው የለም።

ክፍያውን እንደገና ማስላትና ማራዘምም አለ። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ይህንን አላልቶላቸው ነበር። የትኛው ባንክ ፈረሰ? ለታመመ፣ ከሥራ ለተባረረ፣ ሱቁ በመንገድ ልማት ለፈረሰበት ሰው ሲሆን ግን ደንቡ ጠበቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቤቱ የተበዳሪው እንኳ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ «የንብረት አስያዥ» በሚለው ሥር ያለው ስም የእናት ወይም የአጎት ነው።

ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ ሁለት ነገር ያዝዝ። ባለቤቱ ልሽጥ ካለ ባንኩ ያንን ደብዳቤ በሳምንት ውስጥ ይስጥ። ደብዳቤው ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ደግሞ የ30 ቀኑ ቆጠራ አይጀመር።