አይፒቴብልስ ባዶ ቢያሳይም ፋየርዎል ሊኖር ይችላል
ወንድሞቼ፣ አይፒቴብልስ ሊኑክስ ላይ የፋየርዎል ደንቦችን (የኔትወርክ ግንኙነት የሚፈቅዱና የሚከለክሉትን) ማያና መጻፊያ ትዕዛዝ ነው። «አይፒቴብልስ ዳሽ ኤል ብለህ ባዶ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ፋየርዎል የለም» የሚለው ነገር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት እንደተባለ አውቃለሁ፤ ግን ልክ አይደለም። ትዕዛዙ እንዲሁ ሲጻፍ የሚያሳየው ደንቦቹ ከሚቀመጡባቸው ሰንጠረዦች ፊልተር የተባለውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ኤንኤፍቴብልስ የተባለ አዲስ የፋየርዎል ሥርዓት ገብቷል። በእሱ በቀጥታ የተጻፈ ደንብ እዚያ ዝርዝር ላይ አይወጣም። ስለዚህ በራሱ ትዕዛዝ፣ «ሱዶ ኤንኤፍቲ ሊስት ሩልሴት» ብላችሁም እዩ። ሱዶዋን አትርሷት፤ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የምታስኬደው እሷ ናት።

እኔም እዚሁ ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ ወዳጄ ኮምፒውተር ቤት በዚሁ ተሸውጃለሁ። ዝርዝሩ ባዶ ነው ብዬ ግማሽ ቀን ኬብል ስቀያይር አጠፋሁ። ስዊቹንም ጠረጠርኩት፣ ምስኪን። ፖርቱን (የኔትወርክ መግቢያ በሩን) የዘጋው ግን አንዲት የኤንኤፍቲ መስመር ነበረች።