ፋይሉን ብቻ ሳይሆን መክፈቻውንም ተጠራጠሩ

ስለ ዚፕና ራር ፋይሎች (ብዙ ፋይሎችን አጭቀው የሚይዙ ጥቅሎች) አደጋ የወጣው ጽሑፍ ከማናውቀው ሰው የመጣውን እንዳንከፍት መምከሩ ጥሩ ነው። "አንቲቫይረስ ካለ ችግር የለም" ማለቱ ላይ ግን አልስማማም። ፋይሉ በፓስወርድ ከተቆለፈ አንቲቫይረሱ ሳይከፈት ውስጡን ማየት አይችልም። አጥቂዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ፓስወርዱን እዚያው ኢሜይሉ ላይ ጽፈው ይልኩታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ በቃ፣ አትንኩት።

በጽሑፉ ያልተነሳው ትልቁ ነገር ደግሞ መክፈቻው ራሱ፣ ማለትም ፋይሉን የምንከፍትበት ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እነዚህን ፋይሎች በሚከፍተው ፕሮግራም በዊንራር ላይ የተገኘውን የደህንነት ቀዳዳ ተመልከቱ። ፋይሉ ውስጥ አንድ ተራ ፎቶ ይታያል። ከጎኑ ስሙ ከፎቶው ጋር የሚመሳሰል ፎልደር አለ። ሰውዬው ፎቶውን ሁለቴ ክሊክ ሲያደርግ ፎልደሩ ውስጥ የተደበቀው ስክሪፕት (የአጥቂው ትንሽ ፕሮግራም) ይነሳል። ፎቶውም ይከፈትለታል፤ ታዲያ ምኑን ይጠርጥር? በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተጠቁት በኦንላይን አክሲዮንና ክሪፕቶ የሚነግዱ ሰዎች ነበሩ። ቀዳዳው በ6.23 እትም እስኪደፈን ድረስ ወራት አልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ሌላ ቀዳዳ መጣ። ፋይሉን ስትፈቱት ቫይረሱን ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይሄኛው የተደፈነው በ7.13 ነው።

ዊንራር በራሱ አፕዴት አያደርግም። እኛ አገር ደግሞ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የተገለበጠ የድሮ እትም ሞልቷል። እባካችሁ ዛሬውኑ "ሄልፕ" የሚለውን ከፍታችሁ ቁጥሩን እዩ። ከ7.13 በታች ከሆነ አዲሱን ከራሱ ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውርዱ።